የፔሮቭስካይት ሴሌ ሙቀት አልችል አለ፤ ጥፋቱ የየትኛው ንብርብር ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። በፔሮቭስካይት (ብርሃን የሚመጥ ክሪስታል) የፀሐይ ሴል ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ምክራችሁን እሻለሁ፤ የመመረቂያ ጥናቴ እዚህ ላይ ቆሟል።

ሜቲልአሞኒየም የተባለው ኦርጋኒክ አዮን ያለበት የፔሮቭስካይት ፊልም 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እየፈረሰ ቢጫ የእርሳስ አዮዳይድ እንደሚተው ስለማውቅ፣ ከጅምሩ በእሱ ምትክ ፎርማሚዲኒየምን ከጥቂት ሲዚየም ጋር ቀላቅዬ ነው የምሠራው። ከሥር ኤሌክትሮን የሚያሳልፍ ቲን ኦክሳይድ፣ ከላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚያሳልፍ ስፓይሮ የተባለ ኦርጋኒክ ንብርብር፣ በመጨረሻ ኤሌክትሮድ የሚሆን ወርቅ።

ሴሉን ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ በጨለማ፣ 85 ዲግሪ ላይ ሳቆየው ቮልቴጁ ብዙም ሳይነካ ፊል ፋክተሩ (የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባው ምን ያህል ለአራት ማዕዘን እንደሚቀርብ የሚያሳየው ቁጥር) በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ግራ የገባኝ ግን ፊልሙ እንደጠቆረ መቆየቱ ነው። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ስመረምረውም 12.7 ዲግሪ አካባቢ ሊታይ የሚገባው የእርሳስ አዮዳይድ ምልክት የለም። ስለዚህ ክሪስታሉን ትቼ ጥርጣሬዬን ወደ ስፓይሮው አዙሬያለሁ። የሚጨመርበት ቴርት ቡቲል ፒሪዲን በሙቀት ይተናል፤ ወርቁም ከ70 ዲግሪ በላይ በስፓይሮው በኩል ወደ ውስጥ ሰርጎ እንደሚገባ የታወቀ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በምን ልለያቸው? ወርቁን ሳልቀባ ሴሉን አሙቄ፣ ከዚያ ብቀባውና ብለካው በቂ ማስረጃ ይሆናል? ወይስ ጊዜ ሳላባክን ስፓይሮውን ያንኑ ሥራ በሚሠራው ፒቲኤኤ በተባለ ፖሊመር ልተካው? ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ በግምት ማዘዝ አልፈልግም። ኒኬል ኦክሳይድን ከሥር አድርጎ አወቃቀሩን መገልበጥም አንድ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ይሆንብኛል።

አቶሚክ ሌየር ዲፖዚሽን (እጅግ ስስ ንብርብር ከጋዝ የማስቀመጥ ዘዴ) የሚሠራ መሣሪያ የለንም። ያለን ፈሳሽ እያሽከረከረ የሚቀባ ስፒን ኮተርና በቫክዩም ብረት የሚያተን ማሽን ነው፤ በእነዚህ የሚሞከር ነገር ካለ ጠቁሙኝ።