ለካምፒንግ የሚሆን ቀለል ያለ፣ ቶሎ የማይቀደድ ቦርሳ፣ በትንሽ ብር

የወጨጫ ተሸናፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር ከጓደኞቼ ጋር ሱባ መናገሻ ደን ድንኳን ተክለን አድረን ነበር። ቦርሳዬን የገዛሁት ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ነው፤ ሻጩ «ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ዕድሜ ልክሽን ትይዢዋለሽ» ብሎ ምሎልኛል። እዚያው ያለውን የወጨጫን ተራራ መውጣት እንደጀመርን የግራ ማንገቻው ቦጭቅ! የቀረውን መንገድ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፌ ጨረስኩት። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ልጅሽ ደህና ነው?» ይሉኛል።
አሁን ኅዳር ላይ ባሌ ልንሄድ ነው፤ ከዲንሾ ተነስተን በእግር እስከ ሳነቴ፣ ሦስት ሌሊት። 70 ሊትር የሚይዝ አይቻለሁ፣ ግን ባዶውን እንኳን ይከብዳል። በጀቴ 7 ሺህ ብር ነው። እኔ ደግሞ 52 ኪሎ ነኝ፣ ቦርሳው እኔን እንዳይሸከመኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፈረስ ጫኝ
70 ሊትር ለምንሽ ነው? ዲንሾ ላይ የጭነት ፈረስ ከነባለቤቱ ትከራያላችሁ። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ስሊፒንግ ባጉን የሚሸከመው ፈረሱ ነው። አንቺ ጀርባ ላይ የሚቀረው ውሃ፣ ምሳ፣ ጃኬትና የዝናብ ልብስ ብቻ ስለሆነ ከ30 እስከ 35 ሊትር ይበቃሻል። ጃኬቱን ግን እንዳትንቂው፣ ሳነቴ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ በበጋ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል።
አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥሩ ቦርሳ ፈረስ ላይ አይጫንም። እኔ አንዴ ጭኜ፣ በገመድ ሲጠፍሩት ክሊፖቹ ተሰባብረው፣ ጎኑ ተፈግፍጎ ማታ ተረከብኩት። ከዚያ ወዲህ ዕቃዬን በወፍራም ፌስታል ጠቅልዬ ማዳበሪያ ውስጥ እከታለሁ። ሁለት ማዳበሪያ ይሁን፣ ክብደታቸው እኩል፣ አለዚያ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ መንገድ ላይ ስትፈቱና ስትጭኑ ትውላላችሁ።

ከፍራንክፈርት
ፈረሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ነገ ፈረስ የሌለበት ቦታ ብትሄድስ? እኔ ብሆን 45 ወይም 50 ሊትር ነበር የምገዛው። ዋናው ባዶ ክብደቱ ነው። ብዙ ሰው የተሞላ ቦርሳ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይላል፤ ላንቺ 10 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ቦርሳው ብቻውን 2.5 ኪሎ ከሆነ ሩቡን በላው ማለት ነው። ከ1.5 ኪሎ በታች ፈልጊ።
የወገብ ቀበቶ የሌለው ደግሞ በነፃም አትውሰጂ። ጭነቱ ማረፍ ያለበት ዳሌ ላይ ነው፣ ማንገቻው ሚዛን ለመጠበቅ ነው። አንገትሽን ስትደፊ ጎላ ብላ ከምትወጣው አጥንት እስከ ዳሌሽ አናት በሜትር አስለኪ፤ የቦርሳው ጀርባ ከዚያ ከረዘመ ቀበቶው መቀመጫሽ ላይ ይወርዳል። ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ዲካትሎን ከሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር አስመጪ። ዕቃውን ሞልቶበት ይመጣል፣ ለሻንጣ ቦታም አይሻማም።

የወጨጫ ተሸናፊ
ዘመዶቼ ያሉት ጅማ ነው 😅 ሰልባጅ ብገዛስ?

ሰልባጅ አዳኝ
እንዲያውም ሰልባጅ ይሻላል! መርካቶ በማለዳ ሂጂ፣ ቦንዳው ሲፈታ። የማርካውን ስም እርሺው፣ ስሙን ማንም ይሰፋዋል። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የተያያዘበትን ስፌት ገልብጠሽ እዪ፤ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የወጨጫው ታሪክ ይደገማል። ዚፑን ቦርሳው ጢም ብሎ እያለ ክፈቺ ዝጊ፣ ባዶውንማ ሁሉም ይዘጋል። ከዚያ እጅሽን ውስጥ አስገብተሽ ዳብሺው። የሚያጣብቅ ወይም እንደ ፎረፎር የሚረግፍ ነገር ካለ ውሃ የሚከላከለው ቅብ አልቋል፣ ተዪው። ትንሽ ቀዳዳ ግን አያስፈራሽ፣ ዋጋ መከራከሪያ ነው።
ስትገዢ ደግሞ ቀጥታ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰጂና በናይለን ክር ማንገቻውን አስደግሚ።

የወጨጫ ተሸናፊ
ተሳካ! 38 ሊትር፣ የወገብ ቀበቶ አለው፣ ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬው 1 ኪሎ ከ200 ሆነ (ባለ ሥጋ ቤቱ ስቆ ሊሞት)። ከበጀቴ ግማሹ እንኳን አልወጣም፣ ማንገቻውንም አስደግሜዋለሁ። ችግሩ ቀለሙ ብቻ ነው፣ ደማቅ ብርቱካን። ጓደኞቼ ገና ሳያዩት «ሁለተኛ ልጅ» ብለውታል።