እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀና ከወሰነ ለምን እንለምናለን?

ማኅቶት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ ጸሎት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው፤ የሚነሣውም ጥያቄ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ ቅጠል እንኳ አትወድቅም እንላለን። ጌታችንም ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን አባታችሁ ያውቃል ብሏል (ማቴ. 6፥8)። ታዲያ መሆን ያለበት የማይቀር ከሆነ ልመናችን ምን ይጨምራል? ምንም አይጨምርም ከተባለ ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ ሳለ አልቅሶ 15 ዓመት ዕድሜ የተጨመረለት እንዴት ነው? «እርሱ ያውቃል» ብሎ ማለፍ ለወጣቶቹ አይበቃም። ጥቅሱን ከነማብራሪያው የምታውቁ እርዱኝ።

ዘኬብሮን፦
እኅቴ፣ ማቴዎስ 6፥8 ላይ አትቁሚ። «ያውቃል» ካለ በኋላ የሚከተለው ቃል «እናንተስ እንዲህ ጸልዩ» ነው። ማወቁ ጸሎትን አላስቀረም፤ ያስቀረው ቃል ማብዛትን ነው።

ትምህርቱን ከዳንኤል 9 ብትጀምሪው ይሻላል። ዳንኤል የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ ኢየሩሳሌም ፈርሳ የምትቆይበት ዘመን 70 ዓመት መሆኑን አስተዋለ (9፥2)። ዘመኑ ተቆርጧል። የተቆረጠ ነገር አይለመንም የሚል ሰው ቀጣዩን ቁጥር ያንብብ፤ ዳንኤል ማቅ ለብሶ፣ ዐመድ ነስንሶ፣ በጾም ይለምን ጀመር። ለምን ቢባል፣ ኤርምያስ የ70 ዓመቱን ተስፋ በ29፥10 ከተናገረ በኋላ በ29፥12 ሕዝቡ ጠርተውት እንደሚጸልዩና እርሱም እንደሚሰማቸው ተናግሯል። ልመናው በተስፋው ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሕዝቅኤል 36ም እንዲሁ ነው፦ በቁጥር 36 አደርገዋለሁ ይላል፤ በቁጥር 37 ይህንኑ ያደርግላቸው ዘንድ የእስራኤል ቤት እንደሚለምኑት ይናገራል።

ሌላው ምስክር የሐዋርያት ሥራ 27 ነው። በመርከቡ ከነበሩት 276 ነፍስ አንድም እንደማይጠፋ መልአኩ ለጳውሎስ ነግሮታል። መርከበኞቹ ጀልባ አውርደው ሊሸሹ ሲሉ ግን ያው ጳውሎስ «እነዚህ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም» አለ፤ ወታደሮቹም የጀልባውን ገመድ ቆረጡት። ፍጻሜውን የወሰነ አምላክ ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰውንም መንገድ ወስኗል። ጸሎት ከመንገዱ አንዱ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስም ለሚለምኑት ሊሰጥ አስቀድሞ ያወቀውን ለማግኘት ጸሎት ይረዳል ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብርሃነ መስቀል፦
ዘኬብሮን ያሉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወጣቶቹ የሚይዙሽ «ተጸጸተ» በሚለው ቃል ነው። ዮናስ 3፥10 እግዚአብሔር ተጸጸተ ይላል፤ ዘኍልቍ 23፥19 ደግሞ ይጸጸት ዘንድ የሰው ልጅ አይደለም ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ኤርምያስ 18፥7-10 ነው። ስለ መንግሥት ይፈርሳል ብዬ ስናገር ሕዝቡ ቢመለስ፣ ላደርግበት ያሰብሁትን እተወዋለሁ ይላል። ስለዚህ በትንቢቱ ውስጥ «ካልተመለሳችሁ» የሚል ቃል ባይሰማም አለበት። የነነዌን 3 ቀን የምንጾመው ይህን አምነን ነው። የተለወጡት የነነዌ ሰዎች ናቸው፤ ለሚመለስ የሚምረው ባሕርዩ ግን ያው ነው።

ሕዝቅያስን በተመለከተ ሁለት ነገር እንዳያልፍሽ። የመጀመሪያው የበለስ ጥፍጥፍ ነው (2ኛ ነገ. 20፥7)። እንደሚፈወስ ቃል ከተነገረለት በኋላ በእባጩ ላይ መድኃኒት ተደረገለት። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ እምነት ጨመረ ማለት አይደለም፤ እግዚአብሔር ያዘጋጀውን አንዱን መንገድ ዘጋ እንጂ። ይህን ሳታለሳልሺ ንገሪያቸው።

ሁለተኛው የልጁ የምናሴ ዕድሜ ነው። በነገሠ ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር (21፥1)። ቍጥሩን እንደ ተጻፈው ከወሰድነው በተጨመሩት 15 ዓመታት ውስጥ ተወልዷል ማለት ነው። ማቴዎስ 1፥10 ደግሞ ምናሴን በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ይቈጥረዋል። አንድ ንጉሥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ያፈሰሰው እንባ በእግዚአብሔር መግቦት ውስጥ ምን ያህል ጥልቅ ቦታ እንደ ነበረው ከዚህ ይታያል።

ማኅቶት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ «ፈቃድህ ይሁን» የምንለው ጸሎቱን አያቀዘቅዘውም? ግማሹ ወጣት ማምለጫ አድርጎታል፤ ግማሹ ደግሞ መለመን ሳይሆን «ሆኗል» ብሎ ማወጅ ነው ይላል።

ሠርክ፦
ጌታ በጌቴሴማኒ የጸለየበትን ቅደም ተከተል አሳዪያቸው። መጀመሪያ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ የሚሻውን በግልጽ ተናገረ፤ ቀጥሎ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ፤ ይህንኑም ሦስት ጊዜ ደገመው (ማቴ. 26፥39-44)። የሚሻውን ሳይናገር «ፈቃድህ ይሁን» የሚል ሰው የጸሎቱን ግማሽ ትቶታል።

ከዚያ ልመናቸውን በሁለት ይክፈሉት። ፈቃዱ የተገለጠበት አለ፦ ንስሐ፣ ጠላትን ይቅር ማለት፣ ጥበብ (ያዕ. 1፥5)። በእነዚህ ላይ «ፈቃድህ ቢሆን» ማለት ቦታው አይደለም። ያልተገለጠበትም አለ፦ ሥራ፣ ጋብቻ፣ ቪዛ፣ የዚህ በሽተኛ መዳን። እዚህ በሙሉ ልብ ይለመናል፤ የተለየ ቃል ግን ያልተሰጠበትን «ሆኗል» ብሎ ማወጅ በእርሱ ስም መናገር ይሆናል። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም (2ኛ ቆሮ. 12፥8-9)፤ እምነት ስለ ጎደለህ ነው ግን አልተባለም። በታመመ ሰው ላይ ይህን ቃል የሚጭኑ ትልቅ በደል ይሠራሉ። ስለትም እንዲሁ ይጠንቀቁበት፤ ስለት የምስጋና ቃል እንጂ የመልሱ ዋጋ አይደለም።

ለመለማመጃ የሐዋርያት ሥራ 4፥24-30ን ስጫቸው፤ ጮኾ ለማንበብ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሐዋርያትና ወገኖቻቸው በአይሁድ አለቆች ተዝቶባቸው ሲጸልዩ፣ ሄሮድስና ጲላጦስ በኢየሱስ ላይ ያደረጉት የእግዚአብሔር እጁና ምክሩ አስቀድመው የወሰኑትን ነው ብለው ይመሰክራሉ (ቁ. 28)፤ ወዲያው በቁጥር 29 ልመና ይጀምራሉ። ዛቻው እንዲቆም አልለመኑም፤ ቃሉን በድፍረት እንዲናገሩ ለመኑ። ወጣቶቹ ቁጥር 28ንና 29ን የሚያገናኘውን ቃል ራሳቸው ይፈልጉት፤ ካገኙት በኋላ የየራሳቸውን አንድ ልመና በዚያው አካሄድ ይጻፉ።