ዲፓርትመንት መምረጥ አቃተኝ፣ ግብርና ያጠናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች እስቲ ምከሩኝ

የመንዟ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ፍሬሽማን ጨርሻለሁ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዲፓርትመንት ሙሉ ተብለናል። ጂፒኤዬ ደህና ነው ግን ጤና አያስገባም፣ ጤናውንም ቢሆን የፈለጉት ቤተሰቦቼ ናቸው እንጂ እኔ ልቤ እዛ አልነበረም። ከፊቴ ያሉት ፕላንት ሳይንስ፣ ሆርቲካልቸር (አትክልትና ፍራፍሬ)፣ ፎረስትሪ (ደን) እና ፉድ ሳይንስ ናቸው። ቤታችን ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው፣ ገብስና ባቄላ ነው የምንዘራው፣ በግ አለን፣ በልጉ ከዘነበ በልግም እናርሳለን።

ለአባቴ ስነግረው ብዙ ዝም ብሎ ቆየና "ማረሱንማ እኔም አስተምርሽ የለም ወይ፣ ለዚህ ነው 12 ዓመት በዛ ውርጭ ስትመላለሺ የኖርሽው" አለኝ። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ግብርና ልማር የሚለው ሀሳብ የመጣልኝ እሱ ማሳ ላይ ነው። አምና ባቄላችንን ቆርምድ የሚባለው በሽታ ፈጀው። ቅጠሉ እንደ ኪንታሮት እብጥ እብጥ ይልና ይጨማደዳል ከዛ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ አረንጓዴ የነበረ ማሳ እሳት የበላው መሰለ። አባቴ ማሳው ዳር በትሩን ተደግፎ ቆሞ ሲያየው የነበረው ነገር እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። ያኔ ነው ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም ወይ ያልኩት።

እና የትኛው ይሻለኛል? ስራስ ይገኛል ወይ? በተለይ እዚሁ አካባቢ የሰራችሁ ብትመልሱልኝ። እባካችሁ እንዳትዋሹኝ።

ዋልካ መሬት

እህቴ ሰላም። እኔ ፕላንት ሳይንስ ነው የጨረስኩት፣ አሁን ሞረትና ጅሩ ውስጥ አንድ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ሆኜ 6ኛ ዓመቴ ነው። አባትሽን አትቀየሚያቸው፣ የኔም አባት እንደዛው ብለውኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እነዋሪ ዙሪያ ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁርና ስንዴውን ቢጫ አድርጎ ያስቀረዋል። የእነዋሪ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሴቱም ልጁም ማሳ ላይ ወርዶ በእጁ መደብና ቦይ እየሰራ ውሃውን ያጠነፍፍ ነበር፣ ወገብ የሚቆርጥ ስራ ነው። በኋላ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ኢልካ የሚባለው የከብት ምርምር ድርጅት ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሰራ፣ ቢቢኤም የሚሉት እሱ ነው። እኔ ይሄን ክላስ ውስጥ ስማር አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲስለው እናቴ ጎንበስ ብላ በእጇ ስትሰራው የነበረው ነው የታየኝ። እና ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የምትማሪው አባትሽ የሚያውቁትን ማረስ አይደለም፣ እሳቸው የሚያውቁት ነገር ለምን እንደሚሰራ እና ሲበላሽ ደግሞ ለምን እንደሚበላሽ ነው።

ስራውን በተመለከተ እንዳትዋሹ ስላልሽ በእውነት ልንገርሽ። የመንግስት ቅጥር እንደድሮው አይደለም፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሶስት ሰዓት በእግር የምትሄጂበት ቀን አለ፣ ሪፖርት የሚባል ነገርም ጊዜሽን ይበላዋል። ግን ፕላንት ሳይንስ ሰፊ ነው፣ ዘር ብዜት አለ፣ ምርምር ማዕከል አለ፣ የመድሃኒትና የማዳበሪያ አቅራቢዎች አሉ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም፣ ስለዚ ከሁለተኛ ዓመት ጀምረሽ ኖትሽን አትጣይ።

ስለ ቆርምዱ ከሆነ ያሳሰበሽ፣ እሱ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ትንሽ ኮርስ ብቻ ነው የሚሰጡሽ፣ ጠለቅ የምትይው ማስተርስ ላይ ነው ግን በሩ ፕላንት ሳይንስ ነው። መጀመሪያ ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ሲባል ነበር፣ በኋላ ዘረመሉ ሲታይ ፊሶደርማ ነው ተባለ። ስሙ እንኳን ገና በቅርቡ ነው የጠራው፣ ስንት የሚሰራ ነገር እንዳለ አስቢው።

ብቅል

የዋልካውን ሀሳብ አከብራለሁ ግን ፉድ ሳይንስን ማንም ስለማያውቀው ልጻፍ። እኔ ብቅል የሚዘጋጅበት ቦታ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነው ያለሁት። ብዙ ሰው ፉድ ሳይንስ ሲባል ምግብ ማብሰል ይመስለዋል፣ ኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ ነው፣ ኬሚስትሪ የሚያስጠላሽ ከሆነ አትግቢበት።

ያንቺ አገር ገብስ ስለሆነ በሱ ላስረዳሽ። ገበሬው የቢራ ገብስ በመኪና ጭኖ ያመጣል፣ ፍሬው ሙሉ ነው ያምራል፣ እኛ ግን ናሙና ወስደን ፕሮቲኑን እንለካለን፣ ከ9 እስከ 12 በመቶ መካከል ካልሆነ ለብቅል አይሆንም፣ ብቅለቱም ከ95 በመቶ በላይ መሆን አለበት። ከዛ ይመለሳል። ሰውየው ደግሞ ምን ጎደለው ብሎ አይን አይንሽን ያይሻል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዩሪያው በዝቶ ወይም ዘግይቶ መሰጠቱ ነው፣ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል፣ ወይ ደግሞ ገብሱ ርጥብ ሆኖ ተከምሮ ሞቆ የመብቀል ኃይሉን አጥቷል። ይሄን ቀድሞ ማሳው ላይ የነገረው ሰው የለም፣ እኔ በር ላይ ስነግረው ደግሞ ረፍዷል። በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ሌላው ጓያ ነው። ጓያ ሰበረው የሚባል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ መቼም። የኛ ሰው እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው፣ ማሳው ውስጥ ማለፉ ነው ይላል፣ ግን ውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ስላለ ነው፣ በችግር ጊዜ ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ነው እግሩ የሚያዘው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎም ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም እንደዛው። እኔ ይሄን ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬ ለበዓል ቤት ስገባ ለአያቴ ስነግራት "ታዲያ ይሄን እስከዛሬ ማን ደበቀን" አለችኝ። ፉድ ሳይንስን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ከመሙላትሽ በፊት ሲኒየሮችን ቤተ ሙከራው እቃ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ያለ ቤተ ሙከራ በወረቀት ብቻ የተማረ ልጅ ኢንተርንሺፕ ሲመጣ ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያዋን ቱቦ) አያያዝ አያውቅም፣ ፋብሪካ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ያንን ነው።

የሮቢት ሽንኩርት

ሆርቲካልቸር ነኝ አጭር ልበል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁሉም ሽንኩርት ባንዴ ያደርሳል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ለማቆየት ደግሞ አንገቱ ሳይደርቅ ተቆርጦ ጆንያ ውስጥ ስለሚገባ ይበሰብሳል። ጥላ ስር አየር እያገኘ አንገቱ ክው ብሎ እስኪደርቅ ቢቆይ ብዙ ይተርፍ ነበር። ስራ አለው ወይ ላልሽው እኔ ተቀጥሬ አይደለም፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ችግኝ አፍልተን እንሸጣለን፣ አንዳንዴ ይሳካል አንዳንዴ ይከስራል። አንቺ ግን የደጋ ልጅ ነሽ፣ ብርዱን እንደ ጉዳት ብቻ አትዪው፣ አፕል ብርድ ካላገኘ አያፈራም፣ የድንች ዘርም ደጋ ላይ ቢባዛ ይሻላል ምክንያቱም ቫይረስ የሚያዛምተው ክሽክሽ እዛ ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ጓሳ

ፎረስትሪን ማንም ስላላነሳው ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቴ አንቺ እኮ ያደግሽው ጓሳ አጠገብ ነው! የመንዝ ሰው ያን የጓሳ ሳር ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ስርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ነው የጠበቀው፣ ሶስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ማንም አይነካውም፣ ከዛ ቀን ተቆርጦ ተከፍቶ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮው ፈረሰ፣ በኋላ ህዝቡ ራሱ በሌላ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ እዛ ያሉት በዚህ ነው። እኔ ይሄንን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከእንግሊዝኛ ጽሁፍ ላይ ሳነብ አልቅሻለሁ፣ የአያቶቻችን ነገር እኮ ነው።

ስራው ግን ጠባብ ነው፣ አልዋሽሽም። ከአራቱ ቶሎ ስራ የማይገኝበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ወፍ ዋሻ ደን ገብተሽ ዝግባና ጽዱን ስታዪ ልብሽ ካልደነገጠ ሌላውን ምረጪ።

የመንዟ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለአባቴ ደወልኩለትና የእነዋሪውን ነገርኩት፣ እስከመጨረሻው ሰማኝ። ከዛ "እስቲ ያን ሰውዬ ዘንድሮ ባቄላውን እዛው ማሳ ላይ ልድገመው ወይ በይልኝ፣ ዘሩ ካምናው የተረፈ ነው" አለኝ። ፕላንት ሳይንስን አንደኛ፣ ፉድ ሳይንስን ሁለተኛ ልሞላ ነው። @ዋልካ መሬት እባክህ መልስልኝ።

ዋልካ መሬት

አይድገሙት በያቸው። በሽታው አፈሩ ውስጥና ገለባው ላይ ይቆያል፣ እዛ ማሳ ላይ ገብስ ይዝሩ፣ ባቄላውን ወደሌላ ያዙሩት፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት ዓመት ይቆይ። ያምናው ገለባ ማሳው ላይ ወይ ዳሩ ላይ ካለ ይነሳ። ከታመመው ማሳ የተረፈውን ዘር ባይዘሩት ጥሩ ነው፣ ሌላ ካጡ ግን በፈንገስ መድሃኒት ይታሽ፣ መጠኑን የቀበሌያቸው ባለሙያ ይንገራቸው በግምት አይሁን። ውሃ የሚተኛበት ቦታም ከሆነ ቦይ ያውጡለት፣ ርጥበት በጣም ነው የሚያብሰው። ሲዘሩ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው፣ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።