ገመድ የሚጎትት ውሻ፦ ኮላር ወይስ ሃርነስ?

የቦቢ አሳዳጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ውሻዬ 2 ዓመቱ ነው፣ 28 ኪሎ ይመዝናል። ከበር ከወጣን ጀምሮ ይጎትተኛል። በኮላር (በአንገት ማሰሪያ) ስይዘው ያስለዋል፤ ገመዱ ጀርባው ላይ የሚታሰርበት ሃርነስ (ደረቱን የሚያቅፍ ማሰሪያ) ባደርግለት ጭራሽ ባሰበት። ገመዱ 5 ሜትር ሆኖ ራሱን የሚጠቀልለው ዓይነት ነው። ምን ልቀይር? ልኩንስ እንዴት ልውሰድ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ የሚያስለው ኮላሩ የመተንፈሻ ቧንቧውን ስለሚጫነው ነው። ኮላሩ ለመታወቂያው ይቆይ እንጂ ገመድ አትሰርበት። የጀርባው ሃርነስ ደግሞ ጫናውን ሰፊው ደረቱ ላይ ስለሚያሳርፈው ባለ በሌለ ኃይሉ ለመጎተት ይመቸዋል። ከጀርባው ሌላ ደረቱ መሃል ላይም የገመድ ቀለበት ያለው ግዛ። ወደፊት ሲስብ ገመዱ ደረቱን ወደ አንተ ያዞረዋል፤ የሚጎትትበት አቅጣጫ ይጠፋበታል።

የሚጠቀለለውን ገመድ ግን ዛሬውኑ ተወው። ስፕሪንጉ ገመዱን ሁሌም ወጥሮ ስለሚይዘው፣ ውሻው በሳበ ቁጥር መንገድ እንደሚለቀቅለት ይማራል። 1.5 እስከ 1.8 ሜትር የሆነ፣ የማይለጠጥ ጠፍጣፋ ገመድ ይበቃሃል።

መልስ 2
ስትገዛ በኪሎ ብቻ አትመን። በልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱ የሚሰፋበትን ዙሪያ፣ ከዚያ የአንገቱን ሥር ለካ። ካለበስከው በኋላ በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት ጠፍጠፍ ብሎ ይግባ። ከዚያ ከላላ ወደኋላ ሲያፈገፍግ ሾልኮ ይወጣል። ገመዱ ሲወጠር የደረቱ ቀለበት ወደ አንዱ ብብት ከሄደም ላልቷል ማለት ነው።

ትከሻውን በአግድም የሚያቋርጠውን አልመክርም፣ የፊት እግሩን እርምጃ ያሳጥርበታል። ከፊት ሲያዩት እንደ ባላ ሆኖ ደረቱ ላይ የሚገናኘው ይሻላል። ሲመለስ ብብቱ ሥር ጸጉሩን ገልጠህ እይ፤ ቆዳው ከቀላ ወይም ጸጉሩ ከሳሳ ማሰሪያው እየፈተገው ነው።

የቦቢ አሳዳጊ
የራስ ልጓምስ (አፍንጫውንና ራሱን የሚይዘው ማሰሪያ)? ፈጥኖ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ 3
ይሠራል፣ ግን አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፍንጫው ላይ ስለሚያርፍ ቀስ በቀስ በምግብ እያለማመድክ ካላስገባኸው በእግሩ ሲቧጥጠው ይውላል። በድንገት ከሳብከው አንገቱ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ከረጅም ገመድ ጋር ፈጽሞ አይሄድም። አፍንጫው ድፍጥጥ ላለ ውሻ ደግሞ አይያዝለትም። ከደረቱ ቀለበት ጀምር። የሚያንቅ ሰንሰለትና ባለ ሹል ኮላር ግን አደራህን፣ አንገቱን ይጎዱታል።

መልስ 1
ሃርነሱ ብቻውን አያስተምረውም። ገመዱ እንደተወጠረ ቀጥ በል፤ መልሰህ አትሳበው። ዞር ብሎ ሲያላላው ምግቡን ከጭንህ ጎን ስጠውና ተራመድ። ከፊትህ ከሰጠኸው መንገድህን እያቋረጠ ያደናቅፍሃል። ለማስተማር ጊዜ በሌለህ ቀን ገመዱን የጀርባው ቀለበት ላይ እሰረው። የደረቱ ቀለበት በታሰረ ቁጥር መጎተት የትም እንደማያደርሰው የሚገባው እንዲህ ስትለይለት ነው።