ለለሚ ኩራ የራሱ የምርጫ ክልል፦ «የካርታ ሥራ ብቻ» ነው እንዴ?

ሰነድ አገላባጭ፦ ትናንት እዚሁ «ለሚ ኩራ ከ2013 ጀምሮ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው፤ የራሱን የምርጫ ክልል መስጠት የካርታ ሥራ ብቻ ነው» ተባለ። ወገን፣ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 103(5) ግለጡ። መጀመሪያ ቆጠራ፣ ከዚያ የምርጫ ቦርድ ረቂቅ፣ በመጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው።

የሰሚት ልጅ፦ ባዩ እኔ ነኝ፣ አልመለስም። ከቦሌና ከየካ ሲቆረጥ ማን ቆጠራ ጠበቀ?

ሰነድ አገላባጭ፦ ክፍለ ከተማ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው። የምርጫ ክልል የፌዴራል ነው።

ጉለሌ፦ ካርታውን ስትስል ወንበሩንም ሣልልን። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር 547 ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ጣሪያ 550። አገሩ በሙሉ ለቀሩት ሦስት ወንበር ተሰልፎ ለሚ ኩራ ያለው ሰሚት ይቅደም?

የሰሚት ልጅ፦ ማን ይጨመር አለ? በአዲስ አበባ 23 የምርጫ ክልሎች ውስጥ ይሸጋሸግ። ፒያሳና ካሳንቺስ ፈርሶ ሰዉ ወጥቷል፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ሞልቷል። መሀል ያሉትን ሁለቱን አዋህዶ አንዱን ወደ ምሥራቅ ማምጣት ነው።

አራዳዊ፦ «አዋህዶ» ሲሉት እንዴት ይቀላል! የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ለ23 ሲካፈል 6 ነው። አንድ ክልል ሲነሣ ስድስት የከተማ ወንበርም አብሮት ይሄዳል። ይሄም ካርታ ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ በ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ገደማ፣ ለ23 ሲካፈል 119 ሺህ። አገሪቱ 73.75 ሚሊዮን፣ ለ547 ሲካፈል 135 ሺህ። ሕግ በሚያውቀው ቁጥር ከተማዋ ተጎጂ አይደለችም፤ እንዲያውም ተጠቃሚ ናት።

የሰሚት ልጅ፦ 1999! ያኔ አራብሳ እርሻ ነበር እኮ።

ቁጥር ወዳድ፦ ታዲያ ቆጠራ ጠይቃ! አራተኛው 2011 ላይ ዳግም ሲራዘም ዝም ያለ ሁሉ ዛሬ ካርታ ይዞ ተነሣ።

የሰሚት ልጅ፦ ቦርዱ ጠበቃ አግኝቷል እንዴ! የምርጫ ቀን ሰልፉስ? ሰው ፀሐይ ላይ ይዋል?

ሰነድ አገላባጭ፦ ሰልፍ የጣቢያ ችግር ነው፣ የክልል አይደለም። በምርጫ አዋጅ 1162 አንድ የምርጫ ጣቢያ ከ1500 መራጭ በላይ አይመዘግብም። ሲሞላ ቦርዱ ሌላ ይከፍታል፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አይደርስም። ወሰን ሲነካ ግን የጣቢያው ሁሉ መዝገብ ይበጠበጣል። ለመመዝገብ ስድስት ወር የኖርክበት የምርጫ ክልል የትኛው ነው የሚለውም ሌላ ጣጣ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ገብቶ መታወቂያው የድሮ ወረዳው ላይ የቀረው ብዙ ነው።

አራዳዊ፦ ይሄን ሁሉ ተወውና የሰሚት ልጅ፣ የሚዋሃዱት ሁለቱ የትኞቹ ናቸው? የምርጫ ክልል ቁጥራቸውን ጻፍ።

የሰሚት ልጅ፦ አንዱ ያንተ ነው።

አራዳዊ፦ ይኸው! ካርታ ብቻ ነው ብሎን ነበር።