ስለ ፋርስ ቤተ መንግሥት ሴቶች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ዋና ጸሐፊ፦
ክቡራን አባላት፣ ለሦስት ምሽቶች የታሰበው ንግግር በመጀመሪያው ረቂቅ ከአስቴር ታሪክ እንዲነሣ ሆኗል። አስጢንንና አርጤክስስን ከልጅነታችን ስለምናውቃቸው አድማጭን ቶሎ ይይዛል ብዬ ነው፤ የሚቃወም ካለ ከነምክንያቱ ይጻፍልኝ።

የጥናት ክፍል ተጠሪ፦
በአስቴር መጀመሩን አልቃወምም። ሆኖም ከእርሷ ቀጥለን ወደ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ወደ ሄሮዶቱስ ከተሻገርን፣ እርሱ የፋርሱ ንጉሥ ሰርክሲስ የነገሠው ሥልጣን ሁሉ በእናቱ በአቶሳ እጅ ስለነበረ ነው ስለሚል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሴራ ከመጎንጎን ያለፈ ሥራ ያልነበራቸው ይመስላሉ። ስለዚህ በጥንቱ የፋርስ ነገሥታት ከተማ በፐርሰፖሊስ የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ509 እስከ 493 ባለው ጊዜ በብዛት በኤላም ቋንቋ የተጻፉት የሸክላ ጽላቶች ይቅደሙ እላለሁ። በአንዱ ጽላት ንጉሡ ቀዳማዊ ዳርዮስ ለሚስቱ ለአርቲስቶኔ ከራሱ ንብረት 100 በግ እንዲሰጣት ያዛል፤ በሌሎቹ ደግሞ አርቲስቶኔ ራሷ ከርስቷ ወይን ለእገሌ ይውጣ ብላ ታዛለች፤ በጭቃው ላይም የራሷ ማኅተም አርፏል። ኢርዳባማ የምትባለው እመቤትም በዛሬዋ ሺራዝ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሯት። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አንድ የወጪ ማዘዣ ከአሥር የግሪክ ሐሜት ይበልጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
የአዳራሹ ኪራይ ከሁለት ምሽት በላይ አያስኬደንም።

የአባላት ጉዳይ ኃላፊ፦
እንግዲያው ጽላቶቹ አንዱን ምሽት ሙሉ ይያዙ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ፋርስን የገዙት የሳፋቪዶችና የቃጃሮች ሥርወ መንግሥታት ዘመን በሁለተኛው ይጠቃለል። ከሳፋቪዶች የሻህ ታህማስብን ልጅ ፓሪ ኻን ኻኑምን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1576 ወንድሟን ዳግማዊ እስማኤልን ለዙፋን ካበቁት አንዷ እርሷ ነበረች፤ እርሱ በ1577 ሲሞትም በመዲናዋ በቃዝቪን ሆና አገሩን ለጥቂት ወራት መርታለች። ግጥምም ትጽፍ ነበር። በ1578 ተገደለች፤ ሥልጣን የሌላትን ሴት አንቆ ለመግደል ደግሞ ማን ይጣደፋል? ከቃጃሮች እ.ኤ.አ. የ1891ዱ የትምባሆ አድማ ይበቃል፤ በናስር አልዲን ሻህ እልፍኝ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ጋያቸውን ሲተዉ፣ ንጉሡ ለአንድ እንግሊዛዊ የሰጠውን የትምባሆ ንግድ የብቸኝነት መብት ለመሰረዝ ተገዷል።

ዋና ጸሐፊ፦
ተስማምቻለሁ። የአስቴር መግቢያ ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ ጨምሬያለሁ፤ ሄሮዶቱስ ከጽላቶቹ በኋላ ለማነጻጸሪያ ብቻ ይነሣል። የጥናት ክፍሉ የአርቲስቶኔን ማኅተም በትልቁ የሚያሳይ ሥዕል ያዘጋጅልን።