ቦልቱ አልዘጋ ያለ ቤልጅግ ማውዘር 650 ዶላር ያወጣል?

ዳላስ_ነኝ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የጠመንጃ ገበያ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ አዳራሹ በፈረንጅ 5 ሰዓት ይዘጋል። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤልጅግ አግኝቻለሁ፣ ላዩ ላይ አንበሳ አለበት። ሰውዬው 650 ዶላር ብሎኛል። ችግሩ ቦልቱን (ጥይት የሚያጎርሰውንና የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት) ስቤ ወደፊት ስመልሰው መሐል ላይ ቀጥ ይላል፣ አይዘጋም። የቦልቱ ቁጥርም በጠመንጃው ሌላ ብረት ላይ ካለው ቁጥር ጋር አይገጥምም። የሰደፉ አንገት በቆዳ ተጠፍሯል። ሻጩ «የንጉሡ ዘበኛ የያዘው ነው» ይላል። ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጋሽ_መዝገቡ፦ ወንድሜ፣ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት የያዝከው ምን እንደሆነ እወቅ። «ቤልጅግ» ስንል ሊዬዥ አጠገብ ኧርስታል ያለው፣ በ1889 የተመሠረተው ፋብሪካ የሠራውን ማለታችን ነው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ከገዛቻቸው አንዱ 24/30 የሚባለው አጭር ማውዘር ነው። ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊሜትር፣ ካናው (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) 59 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያው ከአገራችን ወደ አሜሪካ ከመጡት መካከል ግን ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካርካኖም አለ፣ ጥይቱ 6.5 ነው። የፈረንሳዩ ውጅግራም አለ፣ ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር። ዋጋቸው አንድ አይደለም። የፋብሪካው ስም የት ላይ ተጻፈ? ምን ይላል? አልነገርከንም።

ቨርጂኒያ_77፦ ዛገ ማለት ነው። ዘይት አጠጣውና በመዳፍህ መታ መታ አርገው።

ቃታ፦ አትምታው! አልተበላሸም። የማውዘር የጥይት መያዣ ባዶ ሲሆን ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሳህን ብቅ ብሎ ቦልቱ ፊት ይቆማል። የኋላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ሆን ተብሎ እንዲያግድ የተሠራ። ወታደሩ ጥይት እንዳለቀበት በጨለማም እንዲያውቅ ነው። ሻጩን አስፈቅድ፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ከዚያ በአውራ ጣትህ ሳህኑን ወደ ታች ተጭነህ ያዝ፣ በሌላው እጅህ ቦልቱን ግፋ። የቦልቱ አፍ ሳህኑን ካለፈ በኋላ ጣትህን አውጣ፣ አለዚያ ይቆነጥጥሃል።

ሰሜን_በር፦ ዘይት ይበቃዋል፣ ቃታ የሚለው ካልሠራ።

ሰደፍ_ሠሪ፦ ስለ ዘይቱ ተዉት። ቦልቱ ሲከፈት ቢከብድ ደህና ነው፣ 24/30 የተሠራበት ማውዘር 98 የመርፌውን ሞላ የሚወጥረው እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ነውና። ሲዘጋ የሚከብድ ከሆነ ግን የደረቀ ቅባት ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ቦልትም ሊሆን ይችላል።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። ቆዳውን አትፍታ፣ ሻጩም ይፍታልህ አትበለው። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንጨቱን ያንቀዋል። ከሥሩ የተሰነጠቀ አንገት መኖሩ እርግጥ ነው ብለህ ተነሣ። አንድ እጅህን ሰደፉ ላይ፣ ሌላውን ከቃታው ፊት አድርገህ ቀስ ብለህ ጠምዝዘው። ጭጭ ካለ ጥገናው ይዞታል፣ ጭርር ካለ አልያዘም። ሌላው ስንጥቅ የሚደበቀው ከብረቱ ጭራ ኋላ ነው፣ በብርሃን እየው። እንጨቱ ታሽቷል ወይስ አልታሸም የሚለውን ደግሞ ከሰደፉ ጫማ፣ ጫፉ ላይ ካለው ብረት፣ ታውቃለህ። ያልተነካ እንጨት ከብረቱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጥፍርህን ስትስብበት ይሰማሃል። በአሸዋ ወረቀት የታሸ ከብረቱ ዝቅ ይላል፣ ማኅተሞቹም ይደበዝዛሉ። ያ ዋጋ ይቀንሳል። ባላገሩ የጠፈረው ቆዳ ግን ለእኔ ጉድለት አይደለም። ነቅለው አዲስ ሰደፍ የሚያለብሱት ዋጋውን ራሳቸው ይጥሉታል።

ሸዋ_ዘር፦ እኔ ጥያቄህን አልቀበለውም። የአባቶቻችንን መሣሪያ በዶላር ስንት ያወጣል ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል? አንበሳው ካለበት ግዛ!

ጋሽ_መዝገቡ፦ ሸዋ ዘር፣ ልብህን እረዳለሁ፣ ግን አንበሳ የሚታተምበት ብረት የትም አለ። ማኅተሙን እይ፦ ዕድሜው ከዙሪያው ብረት ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝገቱ የበላው ጉድጓድ የማኅተሙን መስመር ካቋረጠ ማኅተሙ ቀድሞ ነበር። መስመሩ ጉድጓዱን አቋርጦ ወለል ብሎ ከታየ፣ ውስጡም ከዳር እስከ ዳር የሚያበራ ከሆነ፣ በኋላ የተመታ ነው። «የዘበኛ ነበር» የሚለው ደግሞ ወረቀት ከሌለው አንድ ዶላር አይጨምርም።

ዳላስ_ነኝ፦ ቃታ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በአውራ ጣት ተዘጋ! ቀለል ብሎ ነው የተዘጋው። አንበሳው ላይ ዝገቱ መስመሩን አቋርጧል። ጽሑፉ በግራ ጎን ነው፣ ኧርስታል ይላል። ካናው ውስጥ ጨለማ ነው። መተኮስ እፈልጋለሁ። ስንት ልበለው?

ቃታ፦ «መተኮስ እፈልጋለሁ» ያልከው ሁሉንም ይቀይረዋል፣ ከመጀመሪያው ብትናገር ጥሩ ነበር። ጨለማ ካና ሁሌ መጥፎ አይደለም። የድሮ የጦር ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ይተዋል፣ ጨው ውኃ ይስባል፣ ብረቱ ይበላል። ግን ጥቁሩ የደረቀ ቆሻሻም ሊሆን ይችላል። ቦልቱ ወጥቶ የስልክህን መብራት ከቦልቱ በኩል አብራ፣ በአፈሙዙ በኩል እይ። በካናው ውስጥ ያሉት ጥምዝ ቦዮች አራት ናቸው፣ ጠርዛቸው ስል ሆኖ እስከ አፈሙዙ ከደረሰ ካናው በሕይወት አለ። ሻጩ የ8 ሚሊሜትር ጥይት ካለው እሱ ራሱ ከጠመንጃው ውጭ እርሳሱን አፈሙዙ ውስጥ ያስገባው፦ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ከሰመጠ አፈሙዙ አልቋል።

ቁጥሩ የማይገጥም ቦልት ሲኖር ደግሞ የክፍተት መለኪያ (በጥይት ቅርጽ የተሠሩ፣ በመጠን የሚበላለጡ ሦስት ብረቶች፣ ቦልቱ ሲዘጋ ለጥይቱ የሚተወውን ክፍተት የሚለኩ) ሳይገባ አይተኮስም። የመጀመሪያው መለኪያ ሲገባ ቦልቱ መዘጋት አለበት፣ ሁለተኛው ሲገባ መዘጋት የለበትም፣ ሦስተኛው ላይ ከዘጋ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሲለካ ጥይት አውጪው መንጠቆና የመርፌው ስብስብ ከቦልቱ ይወጣሉ፣ ቦልቱም በሁለት ጣት ብቻ ይገፋል። በጉልበት ከገፋህ ልኩ ይዋሻል።

ዋጋውን እንዲህ አስላ። ጨረታ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን ተመልከት፣ ገዢው የከፈለው ኮሚሽን መደመሩንም እይ። ቁጥሩ በሙሉ የሚገጥመውን እንደ ጣሪያ ውሰድ። ከዚያ ለቦልቱ፣ ለካናው፣ ለአንገቱ፣ ለመለኪያው ክፍያ እየቀነስክ ና። ሳንጃና መወልወያ ዘንግ ከሌለው እሱንም ቀንስ። እኔ በ400 እጀምራለሁ፣ አፈሙዙ ደህና ከሆነም ከ500 አላልፍም። 650 ቁጥሩ ለሚገጥም፣ እንጨቱ ላልተሰበረ ነው።

ቨርጂኒያ_77፦ ቢያንስ ዘይት ቀባው ስትገዛው።

ኦሃዮ_ሐበሻ፦ ሻጩ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከሆነ 4473 የሚባለውን የመሣሪያ ግዢ ቅጽ ትሞላለህ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን በመሠረቱ አይችልም፣ ልዩ ሁኔታዎቹን ነጋዴውን ጠይቅ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ መሣሪያ የሰብሳቢ ፈቃድ 30 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ወደ አገር ቤት ይዤው እገባለሁ ብለህ ግን እንዳታስብ፣ እዚያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ።

ሰደፍ_ሠሪ፦ ዳላስ፣ አንገቱን ጠመዘዝከው? ምን አለ?

ቃታ፦ 5 ሰዓት አለፈ። አፈሙዙስ?